አምቡላንስ የሚጠራበትን ምክንያት እንዴት እንመዝግብ?

ጥያቄ (የኮሚቴ ጸሐፊ)፦
ሰላም ወገኖች። አካባቢያችን ያለው አንድ አምቡላንስ ብቻ ነው፤ «ዘገየ» የሚል አቤቱታ በዝቶብናል። ኮሚቴው ሁለተኛ መኪና ይገዛ ሊል ነው። እኔ መጀመሪያ የጥሪ መዝገቡን ልይ ብዬ ነበር፤ ምክንያት በሚለው አምድ ግን አብዛኛው የተጻፈው «ታማሚ» ብቻ ነው። ምን ምን ብዬ ልከፋፍለው?

መልስ (የድንገተኛ ክፍል ነርስ)፦
ወንድሜ፣ በስልክ በሽታ አይታወቅምና በምልክት መድበው። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ ምጥ፣ ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ፣ የመኪና አደጋ፣ የአረጋውያን መውደቅ። የአፍ መጣመምና የአንድ ጎን መዛል ለብቻው ይያዝ። ስትሮክ (የአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፍሰስ) ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ስለሆነ «መቼ ጀመረ?» ተብሎ ተጠይቆ ይጻፍ። ደዋዩ ያለውና ባለሙያው ደርሶ ያገኘው ደግሞ በሁለት አምድ ይሁን፤ ብዙ ጊዜ አይገጣጠሙም።

መልስ (የአምቡላንስ ሹፌር)፦
ሪፈር ተረስቷል! ታማሚ ከክሊኒክ ወደ ሆስፒታል ስናደርስ ለሌላው ጥሪ መኪና የለም ማለት ነው። ይህን ከድንገተኛ ጥሪ ጋር ከደባለቁት የአቤቱታው ምንጭ አይገኝም። ሰዓቱንም ከፋፍለው ይጻፉ፦ ስልክ የተነሳበት፣ የወጣንበት፣ የደረስንበት፣ ታማሚ ያስረከብንበት፣ ነጻ የሆንንበት። ሰው የሚያማርረው መንገዱን ነው፤ እኛን የሚያስቀምጠን ግን ሆስፒታል በር ላይ አልጋ መጠበቅ ነው። ቤት ፍለጋም ጊዜ ይበላል፤ ደዋዩ አንድ ሰው መንገድ ላይ እንዲያቆም ይነገረው።

አስተያየት (አንድ አባል)፦
ለጥቃቅኑ ሁሉ የሚደውል አለ። እነሱ ቢከለከሉ መኪናው ይተርፍ ነበር።

መልስ (ነርስ)፦
በዚህ አልስማማም። ደዋዩ ሐኪም አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው የልብ ደም ሥሩ ተዘግቶ እያለ የሚሰማው ማቅለሽለሽና ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል። መለየት የጥሪ ተቀባዩ ሥራ ነው፤ መጀመሪያ «ይነቃል? በደንብ ይተነፍሳል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለቱም «አይ» ከሆነ መኪናውን ልኮ፣ ስልኩን ሳይዘጋ ደዋዩን የታማሚውን ደረት መሃል ማስጫን ይጀምር፤ ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ልቡ የቆመ ሰው ያለ እርዳታ በቆየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ሁለት መኪና ቢኖራችሁም ጎረቤት ይቀድማል። ለጥሪ ተቀባዩና ለነዋሪው ሥልጠና መስጠት ከመኪናው ግዢ በፊት ቢታሰብ ጥሩ ነው።

መልስ (የመጀመሪያ ዕርዳታ አሠልጣኝ)፦
የነርሷን ሐሳብ እደግፋለሁ። በ1966 (እ.ኤ.አ.) በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት የልብ ሐኪሙ ዶክተር ፍራንክ ፓንትሪጅ የልብ ሕክምናን በአምቡላንስ ወደ ታማሚው ሲያደርስ፣ ለውጡን ያመጣው በመኪናው የሄዱት ባለሙያና መሣሪያ ነበሩ። ሁለተኛው መኪና ሹፌርና አልጋ ብቻ ይዞ ከመጣ ታክሲ ነው።

ጥያቄ (ጸሐፊው)፦
አመሰግናለሁ። ያለፈውን መዝገብስ ሠራተኞቹን እየጠየቅሁ ልሙላው?

መልስ (ነርስ)፦
በግምት አትሙላ፤ «ያልታወቀ» ብለህ ተወው። አዲሱን ቅጽ ከነገ ጀምሩ፤ የግዢው ውሳኔ የጥቂት ወራት መዝገብ እስኪጠራቀም ይቆይ።