ያገለገለ የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ ሲገዛ ምን ምኑ ይታያል?

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። በ1፡87 (ኤች ኦ) መጠን የተሠራ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ከውጭ በሰው እጅ ልናስመጣ ነው። አንዱ አማራጭ አዲስ፣ ከነሐዲዱና ከነትራንስፎርመሩ ነው። ሌላው ያገለገለ፣ ሎኮሞቲቩ ብቻ፣ በዚያው ዋጋ። ሻጩ «ሳይነካ የተቀመጠ» ይላል። ምን ልጠይቀው? መለዋወጫ እዚህ እንደማይገኝ ታውቃላችሁ።

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ
ወንድምዓለም፣ ቀለሙን ተወውና ሆዱን እይ። ቀፎው ተነሥቶ ፎቶ ይላክልህ። ደህናው ላይ ሞተሩ መሃል ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ ከባድ ክብ ነሐስ (ፍላይዊል) ይዞ፣ የፊቱንም የኋላውንም መንኮራኩር ያዞራል። ርካሹ ላይ ሞተሩ አንድ ጫፍ ላይ ነው፤ የፊቱን ብቻ ነድቶ የኋላውን ይጎትታል። አቧራ ያለበት ሐዲድ ላይ ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ሲቋረጥ የሚያሻግረው ያ ነሐስ ነው። የበጋችን አቧራ ደግሞ ይታወቃል። ኤሌክትሪኩንም ከሁሉም መንኮራኩር የሚወስድ ይሁን።

ቪዲዮ ሳታይ አትክፈል። ፈጣን ሩጫ ምንም አይነግርህም። በ2 ወይም 3 ቮልት እየዳኸ አንድ ሜትር ወደፊት፣ አንድ ሜትር ወደኋላ ይሂድልህ። በእኩል ርቀት ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ነጠር ነጠር ካለ ጊሩ (ጥርሳማው መዘውር) ተሰንጥቋል። የፕላስቲክ ጊር ብረት ዘንግ ላይ በግድ ስለሚገባ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው፤ ሲሰነጠቅ ሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ገጣሚው ጊር እዚያ ሲደርስ ይዘላል። ሳይሠራ ቢቀመጥም ይሰነጠቃል፤ ግራሶውም ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ስለዚህ «ሳይነካ» የሚለው ዋስትና አይሆንህም።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም
ሻንሲውንም ጨምርበት። የዚንክ ቅይጡ ውስጥ እርሳስ ከገባ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እያበጠ ይሰነጣጠቃል። የቀፎው ጎን ጎበጥ ካለ ወይም ቀፎው ብሎኑ ተፈትቶም አልላቀቅ ካለ ተወው፤ ያ አይጠገንም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። ሜርክሊን (የጀርመኑ ሞዴል ባቡር አምራች) ነው አለኝ፤ ስሙስ?

መልስ፣ ከደብረ ማርቆስ
ሥራው ጠንካራ ነው፣ ላንተ ግን ላይሆን ይችላል። የሜርክሊን ኤች ኦ ኤሌክትሪኩን የሚወስደው ከሐዲዱ መሃል ካሉት ነጥቦች ነው። ግራና ቀኝ መንኮራኩሮቹ በኤሌክትሪክ የተገናኙ ስለሆኑ ተራው ባለሁለት ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ሾርት ያደርጋል። ገልብጦ ያሳይህ፤ ከሆዱ ሥር ረጅም የብረት መንሸራተቻ ካለው ያው ነው።

መልስ፣ ከቡሬ
ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የአሜሪካው ለ120 ቮልት ነው፣ በኛ 220 ይቃጠላል። ከአዲሱ ጋር የሚመጣው ሐዲድ ኩርባው አብዛኛውን ጊዜ ጠባብ ነው፤ ባለስድስት ዘንግ ረጅም ሎኮሞቲቭ እዚያ ላይ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል፣ ባለአራቱ ይሻላል። የድሮውን የድሬዳዋ ባቡር መሥራት የሚያምራችሁ ደግሞ ሐዲዱ የአንድ ሜትር ስፋት ስለነበረው በዚህ መጠን 12 ሚሊሜትር ሐዲድ ያስፈልጋችኋል፤ ተራው ኤች ኦ 16.5 ነው።

ያገለገለው ይህን ሁሉ ካለፈ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ የሐዲድና የትራንስፎርመሩን ዋጋ ግን ደምረህ አስላ። የሞዴል ቁጥሩን ተቀበልና ሁለት ጊር ከነዘንጉ፣ አራት የመንኮራኩር ላስቲክ፣ አንድ ጥንድ የሞተር ካርቦን በዚያው ሻንጣ ይምጡልህ።