የጎረቤት አጥር ሥር የተቆፈረ መሠረት፦ ከየት ልጀምር?

ሙያው ያላችሁ እባካችሁ አማክሩኝ። ቤቱ ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው። ከኋላ ሁለት ክፍል ለመቀጠል ተቋራጩ ከጎረቤት የድንጋይ አጥር 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ 9 ሜትር ቦይ በአንድ ጊዜ ቆፈረ፤ ጥልቀቱ 1.20 ሜትር። የአጥሩ መሠረት 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከሥሩ ድጋፍ አጣና ተሰነጠቀ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሜትር ተኩል ያልበለጠ እያፈራረቁ መቆፈርና መሙላት ነበረበት፤ አሁን ማለቱ ምን ይጠቅማል።

ጎረቤቴ እትዬ ደግሞ «40 ሴንቲ ወሰኔን ገፍታችኋል» ይላሉ። ቀያሹ የለካው በእጅ ጂፒኤስ ነው፤ መሣሪያው በሜትሮች ስለሚስት ይህን ክርክር አይፈታም። ካርታው ላይ የማዕዘን ኮኦርዲኔት አለ፤ በአዲንዳን (በኢትዮጵያ ካርታዎች የተለመደው የኮኦርዲኔት መነሻ) ይሁን በሌላ መነሻ ግን አልተጻፈም።

ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን በአፈር ልመልሰው ወይስ በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፎ ይቆይ? ቶታል ስቴሽን (ማዕዘንና ርቀት አጥርቶ የሚለካ መሣሪያ) የያዘ ቀያሽ ሳመጣ ከየትኛው ነጥብ እንዲነሣ ልጠይቅ? እትዬ ባሉበት ቃለ ጉባኤ ስንይዝስ፣ ስንጥቁ መስፋቱን ለማወቅ ላዩ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀን መጻፍ ይበቃል?