የቅንጬ አረም ፕሮፖዛል፦ የኮሙኒኬሽን አማካሪ ቅጥር፣ የመጨረሻ አስተያየት

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ደርሷችኋል። አንድ አማካሪ ለ6 ወር፣ በወር 35,000 ብር። ሥራው ከቃሉ እስከ ጨፋ ያለው ገበሬ ቅንጬን ሳያብብ እንዲነቅል መቀስቀስ ነው። አንዷ እግር ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ትጥላለች። ካበበ በኋላ መንቀል ዘር መዝራት ነው። ዓርብ ይገባል። አስተያየት በአንቀጽ ቁጥር።

የሐርቡው፦ አንቀጽ 7። «አማካሪው መቀመጫው ደሴ ሆኖ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ውሎ አበል ይታሰብለታል።» ይቺን ማን ሰነቀራት?

ጦሳ ሥር፦ እኔ። ምን አጠፋሁ?

የሐርቡው፦ የሀረጎን ቁልቁለት ለመውረድ አበል? 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ። ተማሪው፣ ሠራተኛው በየቀኑ ይመላለስበታል። አረሙ ያለው ቆላ፣ አማካሪው ደጋ። ጋቢ ለብሶ በስልክ ሊቀሰቅስ ነው?

ጦሳ ሥር፦ ዞኑ ደሴ ነው፣ ሬዲዮው ደሴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ደሴ ነው።

ቦርከና፦ ዩኒቨርሲቲው ኮምቦልቻም አለ።

ጦሳ ሥር፦ ዋናው ግቢ ያልኩት።

የሐርቡው፦ «ዋናው» አላልክም።

ገንዘብ ያዥ፦ ውሎ አበል የሚባል መደብ በጀቱ ላይ የለም። አንቀጹ ይሰረዝና ይለቅ።

ጦሳ ሥር፦ ለእርስዎ መሰረዝ ቀላል ነው፣ እትዬ። በችግኙ ጊዜም ሁሉም ነገር ኮምቦልቻ ወረደ። ውሃ የሚያጠጣ ሰው ግን ጠፋ።

የሐርቡው፦ ችግኙን ባታነሣው ይሻልህ ነበር። የአጥሩን ቆርቆሮ የት እንደገባ የሚያውቅ ያውቃል።

ጦሳ ሥር፦ ማንን ነው? በስም ተናገር!

ሰብሳቢ፦ ተዉ እንጂ! ትልልቅ ሰዎች አይደላችሁም? ቆርቆሮው በቃለ ጉባኤ ተዘግቷል።

የሐርቡው፦ ተዘግቷል፣ ግን አልተገኘም።

እታለም፦ ከእናንተ ውስጥ ላም ያለው ሰው የለም መሰለኝ። ቅንጬ የበላች ላም ወተቷ ይመርራል። ደንበኛ ይመልስብኛል። አማካሪው ከደሴ ይምጣ ከጅቡቲ ጉዳዬ አይደለም። ፖስተር አይቶ የነቀለ ገበሬ ግን አላየሁም። ልጄ በባዶ እጁ ነቅሎ ክንዱ ሽፍ ብሎ ሰነበተ። ጓንት ግዙ።

ገንዘብ ያዥ፦ ጓንት ኮሙኒኬሽን ውስጥ አይገባም።

እታለም፦ መደቡን ቀይሩታ!

ቦርከና፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ረቂቁ ገበሬውን ብቻ ነው የሚያየው። ቅንጬ ወደ ወሎ የገባው በ77ቱ ድርቅ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ነው ይባላል፤ ደሴ ደግሞ ዋና ማከፋፈያ ነበረች። ዛሬም የሚሄደው በመኪና ነው። በእህል ጆንያ፣ በአሸዋ፣ ጎማ ላይ በተጣበቀ ጭቃ። የመንገዱን ዳር እዩት። ገበሬው ማሳውን ሲያጸዳ ቢውል አይሱዙው በማግስቱ ያመጣለታል። አማካሪው መናኸሪያና እህል በረንዳ ካልገባ ገንዘባችን ውሃ በላው።

ጦሳ ሥር፦ ይኼ ልክ ነው። ታዲያ መናኸሪያ ለመናኸሪያ ሲዞር አበል አያስፈልገውም?

የሐርቡው፦ አቦ፣ ተወን!

ሰብሳቢ፦ የቦርከና ሐሳብ ይግባ። የቅጥር መስፈርቱን «እኛ እንጽፋለን» ያሉት ሁለቱ ልጆች የት ደረሱ?

ጸሐፊ፦ የአንዱ ስልክ አይሠራም። ሌላው አንብቦ ዝም ብሏል።

የጨፋው፦ አማካሪውን ተዉትና ሞንታርቦ የተጫነበት ባጃጅ ተከራዩ። ሰው የሚሰማው እሱን ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ ይሂድ።

ጸሐፊ፦ ባቲ ፕሮፖዛሉ ውስጥ የለችም።

የጨፋው፦ ትግባ። የአፋር ከብት ባቲ ነው የሚሸጠው። ፍየሉም ግመሉም ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ፍሬ ይበላል፤ ዘሩ ሳይፈጭ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። እናንተ ለቅንጬ ስትጨቃጨቁ ፕሮሶፒሱ በበጋ ከከብቶቹ ጋር ጨፋ ይገባል።

ጦሳ ሥር፦ ሰኞ የደሴም ገበያ ነው እኮ። ሰኞ ገበያን ጥሎ ባቲ?

የጨፋው፦ ሁለት ባጃጅ።

እታለም፦ ባቲ ላይ በአማርኛ ብቻ ልትጮሁ ነው? ኦሮምኛና አፋርኛ የሚችል ሰው ፈልጉ።

ሰብሳቢ፦ እሺ። አማካሪው ወደ 2 ወር ይውረድ። የቀረው ለሁለት ባጃጅ፣ ለሞንታርቦ፣ ለጓንት። ፕሮሶፒስም ይጨመር።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ ርእሱ «የአማካሪ ቅጥር» ነው የሚለው።

ሰብሳቢ፦ ርእሱን አትንካው። ገንዘብ ሰጪዎቹ የጠየቁት እሱን ነው።

ጸሐፊ፦ አንቀጽ 7ስ?

ሰብሳቢ፦ «እንደ አስፈላጊነቱ» በልና እለፈው።

ገንዘብ ያዥ፦ ለባጃጆቹ 3 ፕሮፎርማ ካልመጣ አልፈርምም።

የጨፋው፦ ባጃጅ ፕሮፎርማ ይሰጣል እንዴ?

ገንዘብ ያዥ፦ እስከ ሐሙስ።