በባልደረቦች መካከል የሚላክ ኢሜይል ወረፋ ላይ ቀርቶብኝ እርዳታችሁን እሻለሁ

ጎንደር ፒያሳ በሚገኝ ድርጅት ውስጥ በፖስትፊክስ (ኢሜይል በሚያስተላልፈው ሶፍትዌር) እና በዶቭኮት (የመልእክት ሳጥኖቹን በሚያስተዳድረው) ያቆምኩት የኢሜይል ሰርቨር ወደ ጂሜይል የሚላከውን እያደረሰ፣ ለአዘዞ ቅርንጫፍ ባልደረቦቻችን የሚጻፈውን ግን ወረፋ ላይ ያስቀረዋል። ሎጉ እንደሚያሳየው የራሳችንን ዶሜይን እንደ ባዕድ ቆጥሮ በኤምኤክስ መዝገብ (የዶሜይኑን ኢሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር በሚጠቁመው የዲኤንኤስ መዝገብ) ይፈልግና፣ በፖርት 25 ወደ ራሳችን የውጭ አይፒ ሊገናኝ ሲሞክር ራውተሩ ስለማይመልሰው ጊዜው ያልፍበታል። ዶሜይኑን ማይዴስቲኔሽን (ኢሜይላቸው ለሰርቨሩ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች የሚደርስ ዶሜይኖች ዝርዝር) ላይ ብጨምረው ደግሞ ተቀባዩ አይታወቅም ይላል፤ የመልእክት ሳጥኖቹ በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ እንጂ በሊኑክስ ተጠቃሚነት ስላልተመዘገቡ ይመስለኛል። ፖስትፊክስ ቅንብሩ ካልተቀየረ ያልደረሰውን ከ5 ቀን በኋላ ለላኪው ስለሚመልስ፣ ሰኞ የተላከው የደመወዝ ሰነድ አስጨንቆኛል (የሒሳብ ክፍሏ እኅታችን በየሰዓቱ በሬን ታንኳኳለች)። ዶሜይኑን ከማይዴስቲኔሽን አውጥቼ ቨርችዋል ሜይልቦክስ ዶሜይንስ (ሳጥኖቻቸው የሊኑክስ ተጠቃሚ የማያስፈልጋቸው ዶሜይኖች ዝርዝር) ላይ ብቻ ባስገባው ይበቃል፣ ወይስ ቨርችዋል ትራንስፖርቱንም (ለእነዚህ ሳጥኖች ኢሜይሉ የሚደርስበትን መንገድ) ወደ ዶቭኮት ኤልኤምቲፒ (ኢሜይልን ለሳጥኖቹ ማስረከቢያ ፕሮቶኮል) ማዞር ይኖርብኛል?