እናቴ ቀኑን ሙሉ ትተኛለች፤ መድኃኒቷን ማን ይቆጣጠራል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁም። እናቴ 81 ዓመቷ ነው፤ የመርሳት በሽታ ስላለባት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ገብታለች። የነበራት እንግሊዝኛ ጠፍቷል። ሌሊት ሌሊት «ልጆቹ አልገቡም፤ በሩን ክፈቱ» እያለች ትጣራለች። ቅዳሜ ስሄድ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ፣ የወሰድኩላትን ሹሮ መዋጥ አቅቷት አገኘኋት። ለካ ክዊታያፒን የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ጀምረውላታል። የነገረኝ ሰው የለም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ እህቴ፣ እኔ በዚሁ ሥራ የቆየሁ ነርስ ነኝ። ከሁሉ በፊት መዋጥ እንዳቃታት ዛሬውኑ ለነርሷ ንገሪ፤ እንቅልፍ እየጣላት ምግብ አይሰጣት፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል። መድኃኒቱን ግን በድንገት አቁሙ አትበያቸው፤ ሐኪሙ ይወስን።

የእናትሽ ጥሪ መዝገቡ ላይ «ተረበሸች» ተብሎ ይጻፋል። ልጆቿን እየፈለገች መሆኑን ማን ይጽፍላታል? አማርኛ የሚሰማ የለማ!

ክዊታያፒን በዋናነት ለስኪዞፍሬኒያና ለባይፖላር ሕመም የተፈቀደ ነው። የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምር የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። ሐኪም አደጋውን መዝኖ ሊያዝ ይችላል፤ ግን ምክንያቱ መጻፍ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን በመድኃኒት ማሰር ይከለክላል። የሌሊት ሠራተኛ አነሰ ማለት ምክንያት አይሆንም።

የሕክምና ወኪሏ ከሆንሽ የመድኃኒቱን ትዕዛዝ አሳዩኝ በይ። «ሲያስፈልግ» ተብሎ የታዘዘ ከሆነ በ14 ቀን ያበቃል፤ ሐኪሙ ራሱ ሳያያት አይታደስም። በየቀኑ የሚሰጥ ከሆነ፣ ጉዳት ያመጣል ተብሎ በምክንያት ካልተጻፈ በቀር፣ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ መጠኑን ለመቀነስ መሞከር አለባቸው። ፋርማሲስቱ በየወሩ መድኃኒቶቿን ይመረምራል፤ ምን እንዳለ ጠይቂ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት ወይም ሕመም ታይቶላታል? እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው እነዚህን ነው። ካልሰሙሽ በየስቴቱ የነርሲንግ ሆም እንባ ጠባቂ አለ፤ አገልግሎቱ በነጻ ነው። (እዚህም እንባ የሚጠብቅ መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም።)

አንድ ነገር ልጨምር፦ «ልጆቹ ገብተዋል፣ በሩ ተዘግቷል» የሚለውን ሠራተኞቹ እንዲያነቡላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈሽ አልጋዋ አጠገብ ለጥፊው።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙ መጠኑን ቀንሶላታል፤ ሽንቷም ተመርምሮ ኢንፌክሽን ተገኝቶ ታክሟል። ወረቀቱንም ለጥፌዋለሁ። የሌሊቷ ረዳት «ልጆቹ ገቡተዋል» ስትላት እናቴ «ገብተዋል በይ» እያለች ታርማታለች አሉኝ።