ለአምባሰል ጆሮ የሱልዘር ዝማሬ ከየት ይጀመራል?

ጦሳ ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ያለ የ12 ሰው ኅብረ ዝማሬ የቪየናውን ሐዛን (የምኩራብ ዜማ መሪ) የሰሎሞን ሱልዘርን ሥራ ሊያጠና ነው። ያለን አንድ ኪቦርድና አንድ ማሲንቆ ነው። ለማሟሟቂያ «አሃቫ ራባ» የሚባለውን የምኩራብ ቅኝት ስንሞክር አምባሰል ሆኖ ይወጣል፤ ኪቦርዱም መዝጊያው ላይ ያበላሸዋል። ምን እናርም?

ቦርከና
አብሽር፣ ችግሩ ያለው አንድ ድምፅ ላይ ነው። ከሚ ስትነሱ አምባሰል ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። አሃቫ ራባ ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ። የአምባሰል አምስቱም ድምፆች አሉበት፤ የተጨመሩት ሶል ሻርፕና ሬ ብቻ ናቸው። የቅኝቱ ነፍስ ከፋ ወደ ሶል ሻርፕ ያለው የአንድ ድምፅ ተኩል እርምጃ ነው፤ አምባሰል የለመደ ጉሮሮ ግን ዘሎት ላ ላይ ያርፋል።

ማሲንቆው ሚን ይዞ ይቆይ። ዘማሪዎቹ በ«አ» ብቻ ሚ፣ ፋ፣ ሶል ሻርፕ፣ ፋ፣ ሚ እያሉ ቀስ ብለው ይመላለሱ። ይህ እስኪጸና ላን አትጨምሩ። ሶል ሻርፑ ዝቅ ብሎ ተራ ሶል ከሆነ ቅኝቱ ሌላ ሆነ ማለት ነው።

መዝጊያው ላይ ኪቦርዱ ሲ ሜጀር እየመታ ይመስለኛል። በውስጡ ያሉት ሬ ሻርፕና ፋ ሻርፕ ለቅኝቱ ባዕድ ናቸው። ሬ ማይነር (ሬ፣ ፋ፣ ላ) መትታችሁ ሚ ሜጀር ላይ ዝጉ። የኪቦርዱን ሪትም ደግሞ አጥፉት፤ ሐዛን ነጠላ ዜማ ሲያወርድ የሚከተለው ቃሉን እንጂ ምት አይደለም።

ሰኞ ገበያ
የቦርከና ምክር ትክክል ነው፤ ሱልዘርን ግን ከአሃቫ ራባ ባትጀምሩ ይሻላል። ያ ቅኝት በምሥራቅ አውሮፓ ሐዛኖች ዘንድ ነው የገነነው። ሱልዘር በ1804 እ.ኤ.አ. ሆሄነምስ (ኦስትሪያ) ተወልዶ በ1826 ወደ ቪየና አዲሱ ምኩራብ የተጠራ ሰው ነው። ትልቁ ውርሱ የሐዛኑን ነጠላ ዜማ ከባለ 4 ድምፅ ኅብረ ዝማሬ ጋር፣ ያለ ኦርጋን፣ በሥርዓት ማስማማቱ ነው። «ሺር ጺዮን» የተባለው ስብስቡ ሁለት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው አይሁድ ያልሆኑ የቪየና አቀናባሪዎችም ጽፈውበታል፣ በሁለተኛው ወደ ጥንታዊው ዜማ ይበልጥ ተጠግቷል። የጥንቱን ለዛ ከፈለጋችሁ ከሁለተኛው ምረጡ።

መጀመሪያ «ሼማ ዪስራኤል»ን («እስራኤል ሆይ፥ ስማ») ያዙ፤ አጭር ነው፣ በሜጀር ነው፣ ዛሬም በብዙ ምኩራብ ይዘመራል። ቀጥሎ ሹበርት በ1828 ለሱልዘር ድምፅ በዕብራይስጥ የጻፈው መዝሙር 92 አለ (በግዕዙ ዳዊት 91ኛው ነው)። ለእያንዳንዱ ድምፅ 3 ሰው ይበቃል፤ ጠንካራ ባሪቶን (መካከለኛ የወንድ ድምፅ) ከሌለ ግን አትንኩት። በምኩራቡ ላይኛውን ድምፅ ይዘምሩ የነበሩት ወንዶች ልጆች ናቸው፤ ለመድረክ ሴቶች ቢይዙት ችግር የለውም።

ጦሳ ሥር
እግዜር ይስጥልኝ! አንድ ቀረ፦ የመዝሙር 92 የዕብራይስጥ ቃል ላይ አንዱ ቅጂ «ሆዶስ» ሌላው «ሆዶት» ይላል።

ቦርከና
ሁለቱም ልክ ናቸው። «ስ» የሱልዘር ዘመን የአሽኬናዝ (የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ) አነባበብ ነው፣ «ት» የዛሬው እስራኤል። አንዱን ምረጡና ከዳር እስከ ዳር ያዙት፤ ሲደባለቅ ነው የሚያስጠላው። እኛ ጋ የሚበዛው ስሕተት ሌላ ነው፦ «ጺዮን»ን በእኛ «ጽ» አጥብቆ ማለት። «ት»ን እና «ስ»ን አጣብቃችሁ ለስለስ አድርጉት።