ጥቆማ ከጎንደር፦ ጀልባ፣ መኪና፣ ስሜን፣ ክሩዝ... ለወላጆቼ የቱን ልያዝላቸው ለምትሉ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ሁሉ ተቀራራቢ ስለሆነ እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ከውጭ የምትመጡት "አባባንና እማማን የት ልውሰዳቸው፣ መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ባሳፍራቸውስ" ትላላችሁ፣ እዚህ ያላችሁት ደግሞ ለጫጉላ ለእረፍት ርካሹን ንገረን ነው የምትሉኝ። ስራዬ ጉዞ ማዘጋጀት ነው፣ ፒያሳ ቁጭ ብዬ ትኬት ስቆርጥና መኪና ስመድብ ነው የምውለው፣ እና ሁሌ የምለው ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይቺን ጠይቁ፦ መሃል ላይ ችግር ቢመጣ ማን ነው የሚያወጣኝ? በምንድነው የሚያወጣኝ? ይሄን የማይመልስ ሰው ዋጋውን በግማሽ ቢቀንስላችሁም እለፉት።

ከጣና ልጀምር፣ ሐይቅ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ብዙ ስለሆነ። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎሜትር የሚሰፋ ውሃ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም፣ እንዲህ ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውሃ ደግሞ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ረጭ ብሎ ያያችሁት ከሰዓት በኋላ ሌላ ውሃ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የሚነሳና እኩለ ቀን ላይ የሚመልሳችሁን ያዙ፣ ባለጀልባው "ችግር የለም 9 ሰዓትም እንሄዳለን" ካለ ሌላ ፈልጉ።

ጀልባዎቹን ሳወዳድራቸው ለአዛውንትና ለልጅ ጣራ ያላትን፣ ወንበሯ የተበየደ፣ ሁለት ሰራተኛ ያላትን ሞተር ጀልባ ነው የምመርጠው፣ አንዱ ሞተር ሲይዝ አንዱ ሰው የሚያወርድና የሚያወጣ ማለት ነው። በአንድ ሰው ብቻ የምትሄደው ርካሽ ነች ግን ሞተሩ ቢጠፋ ያ ሰው ሞተሩን ይጠግን ወይስ እናታችሁን ይያዝ? በተለይ በሰሜንና በምስራቅ ዳርቻ በኩል እምቦጩ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ሞተር ማቆሙ ያለ ነገር ነው፣ እዚያ ለምትሄዱ መቅዘፊያ ጀልባዋ ውስጥ እንዳለ በአይናችሁ እዩ። ትልቅ ጀልባ ለምትሉ፣ ያቺ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ ሁላችንም በስልካችን ስንከታተላት የነበረችው ጣናነሽ 2 አለች፣ ለብዙ ቤተሰብ ደስ የሚል ነገር ነው፣ መነሻ ቀንና ሰዓቱን ግን ባህር ዳር ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ሰው ይዛችሁ እንዳትነሱ። ታንኳ ላይ መውጣት የምትፈልጉ ዳር ዳሩን ብቻ፣ ጉማሬ የሚወጣበትን ቦታ ባለታንኳው ያውቀዋልና እሱ አይሆንም ካለ አትከራከሩ።

ላይፍ ጃኬት ላይ ትንሽ ልቆይ። "አለን" የሚለው መልስ በቂ አይደለም፣ አውጡልኝ በሉ። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫ ስር ተጠቅጥቆ ወይ ሰው እንደ ትራስ ሲቀመጥበት ነው የሚከርመው፣ ከዚያ ውስጡ ያለው ፎም ይጨፈለቅና ሰው የመያዝ አቅሙን ያጣል። ዘለበቱን ቆልፉት፣ ማሰሪያውን ሳብ አድርጉት፣ ከዚያ የለበሰውን ሰው በሁለቱም ትከሻ በኩል ጃኬቱን ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፣ ጆሮው ድረስ ተንሸራቶ ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ላይ ይወልቅበታል። ለልጅ የልጅ ልክ ከሌላቸው ልጁ አይሳፈርም፣ አለቀ። እና ጃኬቱ የሚለበሰው ዳር ላይ ሳላችሁ ነው፣ ማዕበል ሲነሳ ሰው ተደናግጦ እየተጋፋ የሚለበስ ነገር አይደለም።

ገዳማቱን ለምትሳለሙ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፣ ስለዚህ እናቱን ይዞ የሚሄድ ሰው ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምህረትን ይያዝ፣ ከባህር ዳር ብዙም አይርቅም። ደቅ ደሴት ላይ ያለችው እቴጌ ምንትዋብ ያሰሯት ናርጋ ሥላሴ በጣም ታምራለች ግን በትንሽ ጀልባ መሄጃው ብቻ ሰዓታት ይፈጃል፣ ወገቡን ለሚያመው ሰው አልመክርም። ከኛ ከተማ ለሚነሳ ግን ጎርጎራ ይቀርባል፣ 60 ምናምን ኪሎሜትር ነው፣ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልማችሁ ሐይቁን እያያችሁ መዋል ትችላላችሁ። አዲሱ ሎጅ ውድ ነው ላላችሁ፣ አዎ ውድ ነው፣ ቀን ውሎ ማታ ጎንደር መመለስም ይቻላል፣ ማደር ከፈለጋችሁ ግን ከመስከረም እስከ ታህሳስ ወባ ስላለ የምታድሩበት ቤት አጎበር እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። መዋኘት አይሆንም፣ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት፣ እግሬን ብቻ ልንከር የሚል ሰውም ይተወው።

መንገድ። ይሄን በግልጽ እናውራው። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ያለበትን ሁሉም ያውቀዋል፣ ትናንት ክፍት የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር የሚል ሰው ወሬ መረጃ አይደለም። እኔ የምሰራው የሚነሱበት ቀን ጠዋት መድረሻው ላይ ላለ ሰውና መንገዱ ላይ ላለ ሹፌር ደውዬ ነው፣ ካልተረጋጋ አላስነሳም፣ ደንበኛው ቢቆጣም አላስነሳም። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ወላጆች በአውሮፕላን ነው የምለው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ አዘዞ ባለው የጎንደር አየር ማረፊያ ይወርዳሉ። በመኪና ግድ ከሆነ መናኸሪያ ያለው ሚኒባስ ርካሽ ነው ግን ሹፌሩ ትርፍ ይጭናል፣ መመለሻ ትሪፕ ለመያዝ ይሮጣል፣ ለብቻ የተያዘ መኪና ደግሞ ቤተሰብ ተጋርቶ ሲከፍለው ያን ያህል አይከብድም። መስታወቱ ላይ ቦሎውንና የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን እዩ፣ የዘንድሮ ካልሆነ ሌላ መኪና ጠይቁ፣ ጎማውን በእጃችሁ ዳስሱት፣ የኋላ ወንበር ቀበቶ ከመቀመጫው ውስጥ ጎትታችሁ አውጡ። ማታ መንገድ የለም። 11 ሰዓት ላይ ያልደረሰ ሰው ያለበት ከተማ ይደር፣ ለማደሪያው የምትከፍሉት አይቆጫችሁም።

ስሜን ተራሮች ፓርክን ለምትሉ በአጭሩ፦ ደባርቅ ከኛ 100 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ስካውት (መሳሪያ ይዞ አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) እና ጋይድ እዚያው ፓርክ ጽህፈት ቤት ነው የሚያዘው፣ ያለ ስካውት አስገባችኋለሁ የሚል ደላላ አትስሙ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነን፣ ጭነቅ ካምፕ ከ3,600 ያልፋል፣ ከባህር ጠለል ከፍ ካላለ ሀገር የመጣ ሰው በማግስቱ እዚያ ሲወጣ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ደባርቅ ወይ ሳንቃበር ላይ አድሮ መውጣት ይሻላል፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት መድሃኒት ውጦ መቀጠል ሳይሆን ወደታች መውረድ ነው። ደም ግፊትና ልብ ያለባቸው አባቶች ቡይት ራስ አካባቢ ጭላዳ አይተው ይመለሱ፣ ይበቃል።

ጥምቀትም ጠይቃችሁኝ ነበር። በ2012 ዓ.ም ጥር 11 ጥምቀተ ባህሩ ጋ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ወገኖቻችን የሞቱብን ቀን ከአእምሮዬ አይወጣም፣ ስለዚህ እንጨት ርብራብ ላይ ቦታ ተገኝቶላችኋል ስትባሉ አልፈልግም በሉ፣ መሬት ላይ ቁሙ፣ አዛውንት ካለ ከግቢው መውጫ አጠገብ፣ ግፊያው ሳይጀምር በሌሊት ግቡ። ክፍል ደግሞ በህዳር ካልያዛችሁ በጥር አታገኙም፣ ጎሃ ሆቴልን የመሰለ ቪው ያለው ቦታ ቀድሞ ነው የሚያልቀው።

እሺ ክሩዝ። እህት ዓለሜ አንዷ ከዲሲ "እናቴን አንድ ጊዜ መርከብ ላይ ላሳያት" ብላኝ ብዙ አወራን፣ ምክሬን ለሁላችሁም ላድርገው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈሩ ወላጆች የኔ ምርጫ ግብጽ ውስጥ የናይል ጉዞ ነው፣ ከሉክሶር አስዋን፣ ብዙ ጊዜ 3 ወይ 4 ሌሊት። ወንዝ ስለሆነ እንደ ባህር አያናውጥም፣ ዳሩ ሁሌ ይታያል፣ ሰው ቢታመም መሬት ቅርብ ነው፣ ኤድፉና ኮም ኦምቦ ላይ እየወረዱ ያያሉ፣ ደግሞ ከኛ ጣና የሚወጣው አባይ ነው እኮ ውሃው፣ ለአንድ ጎንደሬ እናት ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከህዳር እስከ የካቲት ብቻ ይሁን፣ በክረምታችን ወራት እዚያ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ቪዛ ያስፈልጋቸዋል፣ የቢጫ ወባ ካርድም ያስፈልጋቸዋል፣ ክትባቱ ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው ግን አንዴ ከተወሰደ እድሜ ልክ ያገለግላል።

ትልቁ የባህር መርከብ ላይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቪዛውን ዓይነት ነው። ከግሪክ ተነስቶ ቱርክ ቆሞ ግሪክ የሚመለስ መርከብ ማለት ከሸንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ ሀገሮች) ወጥቶ እንደገና መግባት ነው፣ ስለዚህ መልቲፕል ኢንትሪ (ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ) ያስፈልጋል፣ የቱርኩንም ለብቻው ጠይቁ። ከማያሚ ወጥቶ የሚመለሰውም እንደዛው፣ አሜሪካዊ ዜግነት ያላችሁ ልጆች ለናንተ የሚሰራው ህግ ለእናታችሁ አይሰራም። ሸንገን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የህክምና ኢንሹራንስ ይጠይቃል፣ ለመርከብ ግን እኔ ከመርከብ በሄሊኮፕተር ማውጣትን የሚሸፍን መሆኑ በጽሁፍ ይታይ እላለሁ፣ መርከብ ላይ ሐኪም አለ ግን ሂሳቡ ለብቻ ነው፣ ውድ ነው። ርካሹ ኢንሹራንስ ከበፊት ያለ ስኳርና ደም ግፊትን አይሸፍንም፣ ይሄን አንቀጽ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ካቢን ስትመርጡ ከመርከቡ መሃል፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ላይ፣ እንቅስቃሴው እዚያ ነው የሚቀንሰው። መድሃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ ሻንጣ ካቢን የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው። ከመነሻው አንድ ቀን ቀድመው ወደብ ከተማው ይደሩ፣ መርከብ የዘገየ በረራ አይጠብቅም። የማምለጫ ልምምዱን እናታችሁ ደክሟታል ብላችሁ አታስቀሯት፦ እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ድንጋይ መትታ 32 ሰው ሲሞት ያን ቀን የተሳፈሩት ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፣ ከዚያ በኋላ ነው ህጉ ተቀይሮ ከመነሳት በፊት ወይ ልክ ሲነሱ ይደረግ የተባለው። የት እንደሚሰበሰቡ ቋንቋ ካልገባቸው በእጃቸው እየመራችሁ አሳዩአቸው። እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ መርከብ ላይ የሚዛመተውን የሆድ ቫይረስ ሳኒታይዘር ብዙ አያቆመውም።

ጾም ለያዙ ወላጆች ቡኪንግ ሲደረግ ቪጋን ተብሎ ይመዝገብ፣ ቬጀቴሪያን ካላችሁ ቅቤና አይብ ያመጡላቸዋል፣ ከዚያ እናታችሁ ዳቦና ሻይ ላይ ትሰነብታለች።

ክፍያ ላይ፦ በግል ሰው አካውንት ወይ በቴሌብር "ቶሎ ላኩ ቦታው እያለቀ ነው" የሚላችሁን አትላኩ። የንግድ ፈቃድ፣ ደረሰኝ፣ መንገድ ቢዘጋ ስንት እንደሚመለስ የተጻፈበት ወረቀት። የኔም ቢሮ ሲሆን ይሄንኑ ጠይቁ። ትኬት ከሆነ በአየር መንገዱ በራሱ አፕ ኮዱን አስገብታችሁ ስማችሁ መውጣቱን እዩ፣ ስማቸው ከፓስፖርቱ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ በዚያው ቀን አስተካክሉ።

የቀረ ጥያቄ ያላችሁ የምትሄዱበትን ወር፣ የተጓዦቹን እድሜና ያለባቸውን ህመም ጻፉልኝ፣ ይሄን ሳላውቅ ቦታ መጠቆም አልችልም።